ስሙ የኛ፣ ሜዳው የነሱ፤ የገብረሥላሴ ልጅ በብሬመን

ሰኔ 14 ቀን 2004 ዓ.ም. ሐሙስ ማታ ነው። አብነት ውስጥ ዲሽ ያለው አንድ ቤት በሰው ጢም ብሎ ሞልቷል። የአውሮፓ ዋንጫ ሩብ ፍጻሜ፣ ፖርቹጋል ከቼክ ሪፐብሊክ፣ ከምሽቱ 3 ሰዓት ከ45። እኔ ያኔ የአራተኛ ክፍል ተማሪ ስሆን በታላቅ ወንድሜ ብብት ስር ተሸጉጬ ነው የገባሁት። ቤቱ ውስጥ ያለው ሰው ሁሉ የመጣው ለክርስቲያኖ ሮናልዶ ነው። ለቼክ የመጣ አንድም ሰው አልነበረም። ማን ይመጣል?

ሮናልዶ ሁለት ጊዜ የግቡን ቋሚ መታ። ሁለት ጊዜም ቤቱ «ኡፍ!» አለ። በ79ኛው ደቂቃ ግን ዧኦ ሞቲንሆ ከቀኝ መስመር ያሻማት ኳስ ወደ ሁለተኛው ቋሚ ስትወርድ ሮናልዶ ከተከላካዩ ጀርባ ተነስቶ ድንገት ፊቱ ተወረወረና በግንባሩ ወደ መሬት ገጫት። ፒተር ቼክ ምንም ማድረግ አልቻለም። 1 ለ 0። ቤቱ ሊፈርስ ደረሰ።

ጎሉ ሲደገም ነው ጉዱ የመጣው። ካሜራው የተቀደመውን ተከላካይ ከጀርባው አሳየ። ጠይም ልጅ ነው፣ ጸጉሩ ከርደድ ያለ። በማልያው ላይ የተጻፈውን ፊት ለፊት የተቀመጡት የኮሌጅ ልጆች ጮክ ብለው አነበቡት። «ገብረ ሥላሴ!» ቤቱ ለአፍታ ጸጥ አለ። ከዚያ ሁሉም በአንድ ጊዜ ማውራት ጀመረ። «የሀይሌ ወንድም ነው!» አለ አንዱ። «ኧረ ልጁ ነው!» አለ ሌላው። ጥግ ላይ ሻይ ይዘው የተቀመጡ አንድ ጋሼ ደግሞ ወደ ወንድሜ ዘወር ብለው «አንተ ልጅ፣ ይሄ የማነው ልጅ?» ብለው ጠየቁ። ወንድሜም «አላውቅም ጋሼ፣ ግን የኛ ነው» አላቸው።

«የኛ ነው።» ይህቺ ቃል ናት ዛሬ ይህን እንድጽፍ ያደረገችኝ። ልጁ በእርግጥ የኛ ነው ወይ? ከሆነስ ምኑ ነው የኛ?

መጀመሪያ ስሙን እናጥራው። ቴዎዶር ገብረሥላሴ ይባላል። ቴዎዶር ማለት እኛ ጋ ቴዎድሮስ የምንለው ስም ነው፤ ሁለቱም ከግሪክ የመጡ የአንድ ስም ልጆች ናቸው። እንግዲህ ሰውዬው አብነት ቢወለድ ኖሮ ቴዎድሮስ ገብረሥላሴ ተብሎ፣ በሰፈር «ቴዲ» እየተባለ ነበር የሚያድገው። ከሀይሌ ጋር የሚያገናኘው ደግሞ ስሙ ብቻ ነው። የሀይሌ አባት ስም ገብረሥላሴ ነው፤ እንደዚያ የሚባል አባት ያለው ሰው በሀገራችን በሺህ ይቆጠራል። እኛ የአባታችንን ስም እንይዛለን እንጂ የቤተሰብ ስም አንወርስም። አውሮፓ ግን ስምህን አንዴ መዝገብ ላይ ካሰፈርክ ለልጅህም ለልጅ ልጅህም ይኸው ነው። ለዚህ ነው የቴዎዶር እህት አና የምትባለውም ገብረሥላሴ የሆነችው። እሷም ቀላል ሰው አይደለችም፤ የቼክ ብሔራዊ የእጅ ኳስ ቡድን ተጫዋች ነበረች። አንድ ቤት ውስጥ ሁለት የብሔራዊ ቡድን ማልያ!

አባትየው ለትምህርት ወደ ያኔዋ ቼኮዝሎቫኪያ ሄደው እዚያው የቀሩ ኢትዮጵያዊ ሐኪም ናቸው፣ እናትየው ቼክ ናቸው። በዚያ ዘመን ወደ ሶሻሊስት ሀገሮች ለትምህርት የተላከው ኢትዮጵያዊ ብዙ ነው። ሐኪም ሆኖ የተመለሰ አለ፣ ኢንጂነር ሆኖ የተመለሰ አለ፣ ትዳር ይዞ የቀረም አለ። ቼኮችም ወደኛ መጥተዋል፤ የሐረር ቢራ ፋብሪካን የተከሉት እነሱ ናቸው። በኋላ በፋብሪካው ስም የእግር ኳስ ቡድን ተቋቁሞ በሊጋችን ሲጫወት ኖሯል። ነገሩ እንዲህ የተጠላለፈ ነው።

ቴዎዶር የተወለደው እ.ኤ.አ. ዲሴምበር 24 ቀን 1986 (ታህሳስ 15 ቀን 1979 ዓ.ም.) ትሬቢች በምትባል ከተማ ነው። በነሱ አቆጣጠር የገና ዋዜማ መሆኑ ነው። ያደገው ግን ቬልኬ ሜዚርዚቺ በምትባል፣ ከፕራግ ወደ ብርኖ በሚወስደው አውራ ጎዳና ላይ ባለች ትንሽ ከተማ ነው። የነዋሪዋ ቁጥር 12 ሺህ ቢሞላ ነው። 12 ሺህ ሰው እኮ ነው የምላችሁ! ከአብነት ተነስታችሁ በተክለሃይማኖት አድርጋችሁ መርካቶ እስክትደርሱ በአንድ ጠዋት ከዚያ የሚበልጥ ሰው ትጋፋላችሁ። ያቺ ከተማ ግን የራሷ የእግር ኳስ ክለብ አላት፣ ክለቡም የታዳጊ ቡድን አለው፣ ቡድኑም ሳር ሜዳ አለው። ቴዎዶር ኳስን «ሀ» ብሎ የጀመረው እዚያ ነው። ሌላ ምስጢር የለውም። የሐኪም ልጅ ነው፣ ከትምህርት ቤት መልስ ቦርሳውን አስቀምጦ ልምምድ ይሄዳል፣ ጎበዝ ሲሆን ደግሞ የአካባቢው ትልቅ ክለብ ቪሶቺና ዪህላቫ ይወስደዋል። ቤታቸው ሆኖ ማለት ይቻላል ፕሮፌሽናል የሆነው።

ከዪህላቫ እ.ኤ.አ. በ2007 ወደ ፕራግ ሄዶ ስላቪያን ተቀላቀለ። ስላቪያ በቀጣዮቹ ሁለት የውድድር ዘመናት በተከታታይ ሻምፒዮን ሆነ፤ ለቴዎዶር ግን የስላቪያ ዘመን እንደ ስሙ አልሆነለትም። ሙሉ በሙሉ የራሱ ያደረገውን ቦታ ያገኘው ወደ ሰሜን ወጥቶ ስሎቫን ሊቤሬች ሲገባ ነው። ሊቤሬች እ.ኤ.አ. በ2011/12 የሊጉን ዋንጫ አነሳ፤ በክለቡ ታሪክ ሦስተኛው ነበር። በቀኝ መስመር ላይ እየወጣ እየወረደ ያንን ቡድን የጎተተው ይኸው ልጅ ነው።

ብሔራዊ ቡድኑ ያየውም ያኔ ነው። እ.ኤ.አ. በጁን 2011 ጃፓን ላይ በተደረገው የኪሪን ካፕ ከፔሩ ጋር በነበረው ግጥሚያ የቼክን ማልያ ለመጀመሪያ ጊዜ ለበሰ። በዚያች ቀን በቼክ ብሔራዊ ቡድን ታሪክ የመጀመሪያው ጥቁር ተጫዋች ሆነ። በወሬ ደረጃ ቀላል ይመስላል። ነገር ግን አስቡት፤ የነ ኔድቬድ፣ የነ ፖቦርስኪ፣ የነ ኮለር ቡድን ነው። ያንን ማልያ ከእሱ በፊት የለበሰ ጥቁር አልነበረም።

የምን ያህል ከባድ እንደሆነ ደግሞ ብዙም ሳይቆይ ታየ። ሰኔ 1 ቀን 2004 ዓ.ም. የአውሮፓ ዋንጫ ተከፈተ። ቼክ የመጀመሪያ ጨዋታውን ፖላንድ ቭሮትስዋፍ ላይ ከሩሲያ ጋር አደረገና 4 ለ 1 ተቀጣ። ከውጤቱ የከፋው ግን ከመቀመጫው የመጣው ድምፅ ነበር። ከሩሲያ ደጋፊዎች መካከል ቴዎዶር ኳስ ሲነካ የዝንጀሮ ድምፅ ያሰሙ እንደነበሩ በስታዲየሙ የነበሩ የፀረ ዘረኝነት ታዛቢዎች ሪፖርት አደረጉ፤ ዩኤፋም ነገሩን ማጣራት ጀመረ። እሱ ራሱ ሲጠየቅ ድምፁን መስማቱን አልካደም፤ ነገሩን ግን አላካበደውም። በቃ ወደሚቀጥለው ጨዋታ አለፈ።

የሚቀጥለው ጨዋታ ምን ሆነ መሰላችሁ? ሰኔ 5 ቀን ከግሪክ ጋር። ፔትር ዪራቼክ በ3ኛው ደቂቃ አገባ። በ6ኛው ደቂቃ ያ የተሰደበው ልጅ በቀኝ በኩል ሰብሮ ገብቶ ኳሷን ወደ መሃል ላካት፤ ቫስላቭ ፒላርዥ ደግሞ ጨረሳት። 2 ለ 1 አሸነፉ። ቀጥሎ ባለሜዳዋን ፖላንድን 1 ለ 0 ረትተው የምድቡ አንደኛ ሆኑ። ልብ በሉ፤ አራት አግብተው አምስት ተቆጥሮባቸው ነው አንደኛ የወጡት። በአውሮፓ ዋንጫ በጎል እዳ ምድቡን የመራ የመጀመሪያው ቡድን ናቸው።

ከዚያ የአብነቷ ማታ መጣች።

ስለዚያች ጎል አንድ ነገር ልበል፤ ምክንያቱም ያን ማታ ቤት ውስጥ የነበረው ሰው ሁሉ «ተኝቶ ነው!» ብሎ ፈርዶበታል። የቀኝ መስመር ተከላካይ፣ ኳስ ከተቃራኒው መስመር ስትሻማ ሥራው ሁለተኛውን ቋሚ መጠበቅ ነው። ዓይኑ አንድ ነው፤ ወይ ኳሷን ያያል ወይ ሰውየውን። ሮናልዶ የሚጠብቀው ያንኑ ዓይን ነው። ከጀርባ ይቆማል፣ ተከላካዩ ወደ ኳሷ ሲዞር ይነሳል። በዚያ አኳኋን ስንቱን ታላቅ ተከላካይ ጉድ እንዳደረገ የምታውቁት ነው። ቴዎዶር 79 ደቂቃ ይዞት ነበር፤ አንድ ሰከንድ አመለጠው። ዓለም የሚያስታውሰው ሰከንዷን ነው።

ጀርመኖች ግን ሰባ ዘጠኙን ደቂቃም ያዩ ይመስላል። በዚያው ክረምት ቬርደር ብሬመን አስፈረመው። አሠልጣኙ ቶማስ ሻፍ ነበር፤ በዚያ የውድድር ዘመን በቡድኑ ውስጥ ከቼልሲ በውሰት የመጣ አንድ ቀይ ፊት ልጅም ነበር፣ ኬቨን ደ ብሩይነ ይባላል። ዛሬ ማን እንደሆነ መንገር አያስፈልግም።

አሁን የምነግራችሁን ቀን በደንብ አስታውሱ። ዓርብ፣ ነሐሴ 18 ቀን 2004 ዓ.ም.። አዲስ አበባ ሐዘን ላይ ናት። አቡነ ጳውሎስ ከተቀበሩ ገና አንድ ቀናቸው ነው። የጠቅላይ ሚኒስትር መለስ ዜናዊ ዜና ዕረፍት ከተነገረ ሦስት ቀን ሆኖታል። ቴሌቪዥኑ ዋሽንት ብቻ ነው። እኛ ቤት ድምፅ ከፍ አድርጎ የሚናገር ሰው አልነበረም። በዚያች ማታ ዶርትሙንድ ላይ የቡንደስሊጋው መክፈቻ ተካሄደ፤ የሁለት ዓመት ሻምፒዮኑ ቦሩሲያ ዶርትሙንድ ከቬርደር ብሬመን። ማርኮ ሮይስ በ11ኛው ደቂቃ አገባ። በ75ኛው ደቂቃ፣ ያንን ሁሉ ቢጫ ሕዝብ ጸጥ ያሰኘ የአቻነት ጎል ተቆጠረ። ያገባው ማን ነው? በመጀመሪያ የቡንደስሊጋ ጨዋታው፣ ተከላካይ ሆኖ፣ ገብረሥላሴ! ማሪዮ ጎትዘ በ81ኛው አግብቶ 2 ለ 1 ሲያልቅ ብሬመን ተሸነፈ። ቢሆንም ያን ስም የጀርመን ሕዝብ በአንድ ማታ ተማረው።

አብነት ላይ ግን ያን ጎል ያየ ሰው አላገኘሁም። ቆይቼ፣ አድጌ፣ ለዚህ ጽሑፍ ብዬ እነዚያን በሰኔ «የኛ ነው» ያሉትን ልጆች ጠየቅኳቸው። አብዛኞቹ ዛሬ ባለትዳር ናቸው። የሮናልዶን ጎል ሁሉም ያስታውሳል፤ የዶርትሙንዱን አንድም ሰው አላየም። ሐዘን ላይ ነበርን።

ብሬመን ዘጠኝ ዓመት ቆየ። ዘጠኝ ዓመት በአንድ ክለብ! በሁሉም ውድድሮች ከ250 በላይ ጨዋታ። በአሁኑ ጊዜ አንድ ተጫዋች ሁለት ዓመት ሲቆይ «ታማኝ» በሚባልበት ኳስ ይህ ቀልድ አይደለም። የገባበት ብሬመን ደግሞ እኛ በልጅነታችን በስም የምናውቀው፣ እ.ኤ.አ. በ2004 ሁለት ዋንጫ የጠቀለለው ብሬመን አልነበረም። የሚሸጥ እንጂ የሚገዛ ቡድን አልነበረም። በየዓመቱ ማለት ይቻላል ላለመውረድ ነው ትግሉ። እ.ኤ.አ. በሜይ 2016 በመጨረሻው ቀን ከፍራንክፈርት ጋር ሲጫወቱ ፓፒ ጂሎቦጂ በ88ኛው ደቂቃ ባገባት ጎል ነው የተረፉት።

በዚያ ቡድን ውስጥ ሌላም የባዕድ ሀገር ሰው ነበር፤ ፔሩዊው ክላውዲዮ ፒዛሮ። ቴዎዶር ለብሔራዊ ቡድን የጀመረው በፔሩ ላይ ነው ብያችሁ የለ? ይኸው እንግዲህ ፔሩ ራሷ መልበሻ ክፍሉ ድረስ መጣችለት። ፒዛሮ ከሊማ ተነስቶ ወጣት ሳለ ብሬመን የገባ፣ ባየርን ሄዶ የተመለሰ፣ ቼልሲ ሄዶ የተመለሰ፣ እንደገና ባየርን ሄዶ እንደገና የተመለሰ ሰው ነው። እ.ኤ.አ. በፌብሩዋሪ 2019 በሄርታ በርሊን ላይ ሲያገባ ዕድሜው 40 አልፎ ነበር፤ የቡንደስሊጋ በዕድሜ ትልቁ ጎል አግቢ ሆነ። ደቡብ አሜሪካዊ በአውሮፓ ሲጫወት ማንም አይገረምም፤ ከሊማ፣ ከቦነስ አይረስ፣ ከሳኦ ፓውሎ ወደ አውሮፓ የሚወስደው መንገድ ስንት ሰው ሲረግጠው የኖረ አውራ መንገድ ነው። መልማይ አለ፣ ወኪል አለ፣ ቀድሞ የሄደ ወንድም አለ። እኛ ጋ ይህ መንገድ ገና ጫካ ነው። ፒዛሮ ሀገሩ ሠርታ የላከችው ሰው ነው፤ ቴዎዶር ግን የኛን ስም ይዞ ሌላ ሀገር የሠራው ነው። በአንድ መልበሻ ክፍል ውስጥ ጎን ለጎን ሲቀመጡ ላያስታውቅ ይችላል። ለኔ ግን ትልቅ ልዩነት ነው።

እ.ኤ.አ. 2020 ደግሞ በባዶ ስታዲየም የመጣ ጣር ነበር። ብሬመን በመጨረሻው ቀን ኮሎኝን 6 ለ 1 ቀጥቅጦ፣ ፎርቱና ዱስልዶርፍም በርሊን ላይ ስለተሸነፈለት የማጣሪያ ዕድል አገኘ። ከሃይደንሃይም ጋር በደርሶ መልስ 0 ለ 0 እና 2 ለ 2 ተለያይቶ ከሜዳው ውጭ ባገባቸው ጎሎች ብልጫ ተረፈ። በሚቀጥለው ዓመት ግን መትረፍ አልተቻለም። ክለቡ አንድ ጨዋታ ሲቀረው አሠልጣኙን ፍሎሪያን ኮፌልትን አሰናብቶ ማንን ጠራ? ቶማስ ሻፍን! ቴዎዶርን እ.ኤ.አ. በ2012 የተቀበለውን ሰውዬ። ሜይ 22 ቀን 2021 በሜዳቸው በሞንሸንግላድባህ 4 ለ 2 ተሸነፉና 17ኛ ሆነው ወረዱ፤ ብሬመን ሲወርድ ከ1980 ወዲህ የመጀመሪያው ነው። የቴዎዶር የጀርመን ኑሮ በሻፍ ተከፍቶ በሻፍ ተዘጋ። እሱ ግን ከመውረዱ በፊት ነው እንደሚሄድ የተናገረው። ምክንያቱም ቤተሰቡን ይዞ ሀገሩ መግባት ፈልጎ ነው። ወደ ሊቤሬች ተመለሰ።

ወደ ብሔራዊ ቡድኑ ልመለስና፣ ለቼክ ከ50 በላይ ጨዋታ አድርጓል፣ በሁለት የአውሮፓ ዋንጫ ቡድን ውስጥ ነበር። «ታዲያ ለምን ለኛ አልተጫወተም?» የሚለው ጥያቄ አብነት ላይ አሁንም ይነሳል። ሰሞኑን እንኳን አንድ ልጅ አንስቶብኛል። ሕጉን ላስረዳው ሞከርኩ። የኢትዮጵያ የዜግነት አዋጅ ቁጥር 378/1996 ጥምር ዜግነት አይፈቅድም። አባቱ ወይም እናቱ የሌላ ሀገር ሰው በመሆናቸው ሁለት ዜግነት ያገኘ ልጅ፣ 18 ዓመት ከሞላው በኋላ በአንድ ዓመት ጊዜ ውስጥ ኢትዮጵያዊነቴን ይዤ እቀጥላለሁ ብሎ ካላሳወቀና የሌላውን ካልተወ፣ ኢትዮጵያዊነቱን በፈቃዱ እንደተወ ነው የሚቆጠረው። አሁን ሂሳቡን ሥሩ። ቴዎዶር 18 የሞላው በታህሳስ 1997 ዓ.ም. ነው። እስከ ታህሳስ 1998 መወሰን ነበረበት ማለት ነው። አባቱ ዜግነታቸውን ይዘው ቆይተው እንኳን ቢሆን! ያኔ እሱ ዪህላቫ ላይ ቋሚ ተሰላፊ ለመሆን የሚታገል የ19 ዓመት ልጅ ነው። ቡንደስሊጋ ሕልም ነው። ማን ነው ያን ጊዜ ተነስቶ የተወለደበትን ሀገር ፓስፖርት የሚመልስ? ለአውሮፓ ዋንጫ ከተሰለፈ በኋላ ደግሞ በፊፋ ሕግ ነገሩ አልቋል።

ልጁ ሰምቶኝ ሰምቶኝ «ታዲያ እነ ፉአድ እንዴት መጡ?» አለኝ። ጥሩ ጥያቄ ነው። ድሬዳዋ ተወልዶ አሜሪካ ያደገው ፉአድ ኢብራሂም፣ ከስዊድን ክለብ የመጣው ዩሱፍ ሳላህ በ2005ቱ የአፍሪካ ዋንጫ ከዋልያዎቹ ጋር ነበሩ። ከዚያም በኋላ በስዊድን የወጣት ቡድን የተጫወተው ዋሊድ አታ የኛን ማልያ ለብሷል። በሩ ፈጽሞ ዝግ አልነበረም። ለቴዎዶር ግን በሩ የሚከፈትበት ሰዓት እኛ ስሙን ከማወቃችን በፊት አልፏል። እኛ ያወቅነው ሮናልዶ ሲቀድመው ነው!

የሚያስቆጨው ደግሞ ጊዜው ነው። ቴዎዶር በቡንደስሊጋ መጫወት ከጀመረ ሁለት ወር ሳይሞላው፣ ጥቅምት 4 ቀን 2005 ዓ.ም. አዲስ አበባ ስታዲየም ላይ አዳነ ግርማና ሳላዲን ሰኢድ አግብተው ሱዳንን 2 ለ 0 ረታን፤ ከ31 ዓመት በኋላ ወደ አፍሪካ ዋንጫ ተመለስን። ያን ቀን አብነት እስከ ንጋት አልተኛችም። ጥር 13 ቀን ኔልስፕሩይት ላይ ከሻምፒዮኗ ዛምቢያ ጋር ስንጫወት ሳላዲን ፍጹም ቅጣት ምት ሳተ፣ በረኛችን ጀማል ጣሰው በቀይ ወጣ፣ በ10 ሰው ሆነን አዳነ አግብቶ 1 ለ 1 ወጣን። ከዚያ በቡርኪናፋሶ 4 ለ 0 ስንቀጣ በክንፍ በኩል የሆነውን ያየ ሰው «አንድ ቀኝ ተከላካይ ቢኖረን» ማለቱ አይቀርም። እኔ ያኔም ብያለሁ።

ግን እነ ሳላዲንን ማሳነስ አልፈልግም። እንዲያውም ክብር የሚገባው የነሱ ጉዞ ነው ባይ ነኝ። ሳላዲን ከቅዱስ ጊዮርጊስ ተነስቶ ግብጽ ዋዲ ደግላ ገባ፤ የዋዲ ደግላ ባለቤት የቤልጂየሙን ሊርስንም ስለያዘው ቤልጂየምንም አየ፤ ከዚያ አል አህሊ፣ ከዚያ አልጄሪያ ኤምሲ አልጀር። ጌታነህ ከበደ ወደ ደቡብ አፍሪካ ቢድቬስት ዊትስ ሄደ። ሽመልስ በቀለ ግብጽ ውስጥ ፔትሮጀት ላይ ስም አወጣ። እነዚህ ልጆች 12 ሺህ ሰው ባላት ከተማ የታዳጊ ክለብና የሳር ሜዳ ተዘጋጅቶ አልጠበቃቸውም። ያላቸውን ይዘው ነው የወጡት። የኛ ሀገር ልጅ ካይሮ ድረስ ለመድረስ የሚከፍለው፣ ቴዎዶር ብሬመን ለመድረስ ከከፈለው ቢበልጥ እንጂ አያንስም።

አብነትን የማያውቅ አንባቢ ካለ ልንገረው። እኛ የተጫወትንበት «ሜዳ» ሁለት ቤት አጥር መሃል ያለ መንገድ ነው። ጎሉ ሁለት ድንጋይ ነው። ኳሱ የፕላስቲክ፣ እሱም ሲጠፋ ካልሲ ውስጥ የተጠቀጠቀ ጨርቅ። ጨዋታው በየአምስት ደቂቃው «መኪና!» በሚል ጩኸት ይቋረጣል፤ ታክሲው እስኪያልፍ ሁሉም እንዳለበት ይቆማል፣ የቆመበትን ትቶ የተጠጋ ካለ ጸብ ነው። ከሰፈራችን ጎበዝ የነበረው ልጅ፣ ስሙን አልጠራም፣ ግራ እግሩ እንደ እጅ የሚታዘዝለት ነበር። አንድ ክለብ የታዳጊ ምልመላ ላይ ሦስት ቀን ተመላልሶ በአራተኛው ቀን የትራንስፖርት ሳንቲም አጥቶ ቀረ። ዛሬ መርካቶ ውስጥ ጨርቅ ይሸጣል። ቅሬታ የለውም፤ እኔ ነኝ ቅሬታ ያለኝ። አሁን በኮሪደር ልማቱ ምክንያት በከተማው ውስጥ ትንንሽ ሰው ሠራሽ ሳር ያለባቸው ሜዳዎች እዚህም እዚያም ሲታዩ ደስ ይለኛል። ሜዳ ብቻውን ግን ቬልኬ ሜዚርዚቺን አያደርግም፤ በየቀኑ 10 ሰዓት ላይ ፊሽካ ይዞ የሚጠብቅ አሠልጣኝም ነበር እዚያ።

ቴዎዶር ሊቤሬች ተመልሶ የተጫዋችነት ዘመኑን እዚያው ቋጨ። ጽሑፉን ልጨርስ ስል እነዚያ ሻይ ይዘው የተቀመጡት ጋሼ ትዝ አሉኝ። በሕይወት አሉ፤ ዕድሜ ቢጫናቸውም አሁንም ኳስ ያያሉ። ቤታቸው ሄጄ «ጋሼ፣ ያን ማታ ሮናልዶ የቀደመው ልጅ ትዝ ይልዎታል?» አልኳቸው። ጥቂት አሰቡ። «የገብረሥላሴ ልጅ?» አሉኝ። አዎ አልኳቸው። አባቱ ሐኪም እንደሆኑ፣ ጀርመን ዘጠኝ ዓመት እንደተጫወተ፣ አሁን ሀገሩ እንደገባ ነገርኳቸው።

«ሀገሩ የት?» አሉ ቀና ብለው።

«ቼክ ነዋ ጋሼ።»

ዝም አሉ። ከዚያ «እናቱ ጋ» አሉና ሻያቸውን አነሱ። «ደግ አደረገ። አባትየውስ፣ መጥቶ ያውቃል?»